አንገቴን ደፍቼ የመረጥሁት ቴሌቪዥን

በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት፣ በወርኃ ጽጌ ነው። አደይ አበባው ገና ከየአጥሩ ሥር አልረገፈም። ወሩ በገባ በሃያኛው ቀን፣ ረቡዕ ዕለት፣ ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ ገብቼ በዕድሜዬ ገዝቼው የማላውቀውን ውድ ዕቃ ገዛሁ። ቴሌቪዥን ነው።

ያን ቀን የሆነው ሁሉ አሁንም በቅጡ አልገባኝም። እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ቤታችን ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ባለቤቴ አቋቋም ያስተምራሉ። ማኅሌት ሲቆም መቋሚያው እንዴት እንደሚነሣ፣ ጸናጽሉ መቼ እንደሚወርድ፣ እግር የት እንደሚረግጥ ለተማሪ የሚያሳዩት እሳቸው ናቸው። ማስተማር ከጀመሩ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ተማሪዎቹ የኔታ ይሏቸዋል። እኔም ከእነሱ ሰምቼ የኔታ እላቸዋለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን ውኃ ሲቀዱ ከኩባያው ውጭ አፈሰሱት። "ጠረጴዛው ዘንበል ብሏል" አሉኝ። ጠረጴዛው አልዘነበለም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጎረቤታችን ደጃፋችን ላይ ቆማ ስታያቸው ዝም አሏት፤ እስክትናገር ድረስ አላወቋትም። ዓይን ሐኪም ዘንድ ይዣቸው ሄድሁ።

ሐኪሙ ብዙ መሣሪያ አስጠግቶ አያቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "የዓይናቸው መካከል ተጎድቷል። ፊት ለፊት ያለውን አያዩትም። የዓይናቸው ዳር ግን ደህና ነው" አለኝ። መድኃኒት እንዳለው ጠየቅሁት። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረው ግን ሊቆይ ይችላል አለ። ለቀረው እግዚአብሔርን አመስግኜ ወጣሁ። ዳሩ ደህና ነው ማለቱ ግን አልገባኝም። የዓይን ዳር ምን ያያል? ልጠይቀው ፈለግሁ፤ አፈርሁና ተውሁት።

መንገድ ላይ የኔታ ቆሙ።

"ለማንም አትንገሪ።"

"ለልጆቹም?"

"ለልጆቹም። ካወቁብኝ ወንበር ያመጡልኛል።"

ወንበር ያሉት ማኅሌት ላይ መቆም ላቃተው ሽማግሌ የሚቀርበውን ነው። በፍቅር ነው የሚቀርበው። የተቀመጠ ግን ተመልሶ አይነሣም፤ ተማሪውም ቀስ በቀስ ወደ ሌላ መምህር ይሄዳል። እሺ አልኋቸው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀም። ዜማው በቃላቸው ነው። መንገዱን እግራቸው ያውቀዋል። እኔ እንደ ጥንቱ ከኋላቸው እሄዳለሁ። ሰው ሲመጣ ካየሁ ከኋላ ሆኜ ቀድሜ በስሙ ጠርቼ እንዴት አደርህ እላለሁ፤ ያን ጊዜ እሳቸውም በስሙ ይጠሩትና ይባርኩታል። ዘዴያችን ይህ ነበር።

ሦስት ልጆች ሰጥቶናል። ትልቋ እዚሁ ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ታስተምራለች፤ ሁለቱ ሌላ አገር ይሠራሉ። በዚያ ጥቅምት ትልቋ መጥታ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

"እማዬ፣ ሦስታችን ተማክረናል። ለአባዬ ቴሌቪዥን ልንገዛ ነው።"

"አለን እኮ።"

"ያ ቲቪ ነው እንዴ? ሰው ቢጫ ሆኖ የሚታይበት! ምርጡን ነው የምንገዛው። ጥምቀቱንም ማኅሌቱንም እቤታቸው ያዩታል።"

"ምርጡ ለምን?"

"ዓይናቸውን እንዳያደክማቸው።"

እጄ ላይ የነበረውን ሰፌድ አስቀመጥሁ። አውቃ ይሆን ብዬ ፊቷን አየሁ። አላወቀችም። ደስ ብሏት ነው የምታወራው።

"አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ምርጫው ግን ያንቺ ነው" አለችኝ። "እሳቸው የሚወዱትን ከአንቺ በላይ ማን ያውቃል?"

ምን ልመልስ? አባትሽ አያዩም ብል ቃሌን አፈርሳለሁ። አልፈልግም ብል ሦስቱንም አሳዝናለሁ። ተገዝቶ የኔታ ካላዩት ደግሞ በዚያው ቀን ይታወቅባቸዋል፤ ወንበሩም ይመጣል። የሚያዩት ቴሌቪዥን ካለ እሱን ማግኘት አለብኝ። የሚያዩት ምን ዓይነት እንደሆነ ግን አላውቅም። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ባለቤቴ ምን እንደሚታያቸው አለማወቄን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ማታ ራት አቅርቤ፣ "ለምን እርስዎም አይመጡም?" አልኋቸው።

"ሱቅ ገብቼ አፍንጫዬን ከመስታወቱ ላስጠጋ? ነገ ከተማው ሁሉ ያወራዋል።"

"ታዲያ የትኛውን ልምረጥ?"

"ሸጋውን ምረጪ" ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ረቡዕ ጠዋት ልጄ ደወለች። ፈተና እንድትጠብቅ ታዝዛለች። ብቻዬን እንድሄድ ነገረችኝና የምጠይቀውን በወረቀት ጽፋ ላከችልኝ። ወረቀቱ ላይ አራት ነገር አለ። ትልቅነቱ ስልሳ አምስት ኢንች ይሁን። ጥቁሩ ጥቁር መሆኑን እይ። ከጎን ሲታይ ቀለሙ እንዳይለወጥ። አራተኛው፣ እማዬ አትቸኩዪ ይላል። የገባኝ አራተኛው ብቻ ነበር።

ቁስቋም ገብቼ ተሳልሜ፣ እመቤቴ ሆይ የሚያዩትን አሳዪኝ አልሁ። ከዚያ በባጃጅ ወደ ፒያሳ ወረድሁ።

የሱቁ ጀርባ ጨለም ያለ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ሙሉ ቴሌቪዥን ነው። ሻጯ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ፈጣን፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

"እንኳን ደህና መጡ እናቴ! ለሠርግ ነው?"

"ለቤት ነው። ለባለቤቴ።"

"ታድለው! የኔ ባል ሪሞቱን እንኳን አያቀብለኝም።"

ጥግ ላይ ጋቢ የደረበ፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከከተማው ወጣ ካለችው ከጠዳ ነው የመጣው። ምግብ ቤት አለውና ኳስ የሚታይበት ቴሌቪዥን ፈልጎ ከማለዳ ጀምሮ እዚያው እንደተቀመጠ ራሱ ነገረኝ። ሻጯ አያ ትለዋለች።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አበራቻቸው። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አንዱ ላይ ዓሣ ይዋኛል፤ ሌላው ላይ ማር ይንጠባጠባል። ሮማን ሲቆረጥ ፍሬው በዝግታ ይበተናል። አንድ ስሙን የማላውቀው ወፍ ላባውን ያራግፋል፤ የላባው እያንዳንዱ ፀጉር ይቆጠራል። ዓሣው ከእውነተኛው ዓሣ ይልቅ ያምራል። ይህ ግራ አጋባኝ። ጣናን አይቻለሁ፣ ዓሣም በእጄ አጥቤአለሁ፤ እንዲህ ያለ ዓሣ አላየሁም። ታዲያ የትኛው ነው ትክክል የሚያሳየው? ከእውነቱ የበለጠ ካሳየ ጥሩ ነው ወይስ ውሸት ነው?

"እንዴት ነው እናቴ?"

"ሁሉም ሸጋ ነው።"

"ሁሉንም ልጫንልዎ?"

የጠዳው ሰው ሳቀ። እኔ ወረቀቴን አወጣሁ። ስለ ጥቁሩ ጠየቅኋት። ሁለት ቴሌቪዥኖች ብቻ ትታ ሌሎቹን አጠፋች። በግራዬ ያለው ብርሃኑ ይበልጣል አለች፤ ፀሐይ የገባበት ሳሎን ውስጥ እንኳን ይታያል። በቀኜ ያለው ጥቁሩ ይበልጣል፤ ጥቁር በሆነበት ቦታ ምንም ብርሃን አይወጣውም፣ እንደ ጠፋ ነው። ዋጋውም እሱ ይበልጣል።

"ጥቁር ለማየት ነው የሚከፈለው?"

"አዎ እናቴ። ጥቁሩ ጥቁር ሲሆን ሌላው ቀለም ጎልቶ ይወጣል።"

ይህም አልገባኝም። ቢሆንም ማወቅ የምፈልገው ሌላ ነው። እንዴት አድርጌ እንደምጠይቅ ሳስብ ቆየሁና፣

"አንድ ሰው አተኩሮ ባያየው... እንዲያው ከዳር ቢያየው፣ ይታየዋል?" አልሁ።

"ከዳር? ይታያል እንጂ! ኑ እዚህ ጋ ይቁሙ።" እጄን ይዛ ከግድግዳው ጥግ አቆመችኝ። ከጎን ሆኜ አየሁት። ዓሣው ያው ዓሣ ነው። ልጄ የጻፈችው ይህን ነው ማለት ነው። ሐኪሙ ያለው ግን ይህ አይደለም። ይህ የቴሌቪዥኑ ጎን ነው፤ ሐኪሙ ያለው የዓይናቸውን ዳር ነው። ይህን ደግሞ ለማን ልንገር?

"በዚህ ሁሉ ብር ተገዝቶ ከዳር ማየት ምንድን ነው?" አለ የጠዳው ሰው። "ለዘበኛ ነው እንዴ?"

"አያ፣ እርስዎ ኳስዎን ይምረጡ" አለችው።

ተመልሼ ፊት ለፊት ቆምሁ። ማንም የማያየኝ ሲመስለኝ አንድ ዓይኔን ጨፈንሁ። መዳፌን ከፊቴ አቁሜ በጣቶቼ መካከል አየሁ። ከዚያ ጣቴን አፍንጫዬ ላይ አቆምሁ። ዓሣው ከጣቴ ኋላ ገባ፣ ከወዲያ ወጣ።

"እናቴ፣ ዓይንዎን አመመዎት?"

"የለም የለም። ትንኝ ነው።"

ሐሰት ተናገርሁ። ይቅር ይበለኝ።

ያን ጊዜ ማሳያው ተለወጠና በሁለቱም ላይ ሥጋ መጣ። ቀይ ሥጋ ብረት ላይ ተጥሎ ቅቤው ይንጨረጨራል፤ ጭሱ ሳይቀር ይታያል። ፊቴን አዞርሁ። የጠዳው ሰው ከበርጩማው ተነሣ።

"አንቺ! ዛሬ ረቡዕ ነው! ሥጋውን አጥፊልን!"

"ይቅርታ አያ፣ ረስቼው ነው" ብላ ሳቀች። "ማሳያው ከውጭ ነው የሚመጣው። ረቡዕን የት ያውቃል?"

"ባያውቅም አንቺ ታውቂያለሽ። ከማለዳ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጠብሰሽብኛል።"

ሥጋውን አጠፋችው። ነጠላዬን አይታ ይመስለኛል፣ "ቆይ እናቴ፣ እርስዎ የሚወዱትን ላሳይዎ" ብላ ከመሳቢያ ፍላሽ አወጣች። የከተማችን ጥምቀት ነው፤ ባለፈው ዓመት የተቀረጸ። "አንዱን ሥዕል ሁለቱም ላይ እከፍተዋለሁ። ያን ጊዜ ይለዩታል።"

ይህስ ጥሩ ነው አልሁ። የማውቀው ነገር ነው። የኔታም የሚያውቁት ነው።

ከበሮው ተሰማ። መዘምራን አለፉ፣ ካህናት አለፉ፣ ጃንጥላው በዛ። ከዚያ ታቦት ወጣ።

ቆሜ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ አንገቴን መቼ እንደደፋሁ ግን አላውቅም። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብሁ። የጠዳው ሰው ባርኔጣውን አወለቀ። ከፊተኛው ክፍል አንዲት ዕቃ የምትገዛ ሴት ድምፁን ሰምታ እልል አለች። መዝሙሩ አልቆ ከበሮው ሲርቅ ቀና አልሁ።

"እህ እናቴ፣ የትኛው በለጠ?"

"አላየሁም።"

"እንዴት አላዩም? ፊትዎ ላይ እኮ ነበር!"

"ታቦት ነበር።"

ከዚያ ሳቋን ውጣ፣ "እሺ፣ እንደገና" አለች። ወደ ኋላ መልሳ ከፈተችው። ሁለተኛ ጊዜም ታቦት ወጣ፤ እኔም ሁለተኛ ጊዜ አንገቴን ደፋሁ። ሥዕል መሆኑን አውቃለሁ። አንገቴ ግን አይሰማኝም። ከተወለደ ጀምሮ የለመደውን ነው የሚያደርግ።

"እኔም እኮ አላየሁም" አለ የጠዳው ሰው። "ጃንጥላው ሲመጣ ያየሁት ጫማዬን ነው።"

"አያ፣ እርስዎ ለኳስ አይደል የመጡት?"

"እሱማ ጥሩ ነው። ኳስ ታቦት የለው፣ ቀና ብዬ አየዋለሁ።"

ሻጯ በሦስተኛው ጊዜ ብልሃት አመጣች። ታቦቱ መካከል ላይ ሲደርስ ሥዕሉን አቆመችው። "ይኸው ቆሟል። አሁን ቀስ ብለው ይዩት" አለች። ከፊተኛው ክፍል ሰው ጠራት፤ ሪሞቱን እንደያዘች ወጣች።

ታቦት ቆመ። ታቦት ሲቆም ሰው ይቆማል እንጂ ወዴት ይሄዳል? አንገቴን እንደደፋሁ ቆምሁ። ልቀመጥ ብል አልቻልሁም። ልውጣ ብል ጀርባዬን ልሰጥ ነው። ቀና ብዬ ልየው ብል አልደፈርሁም። የጠዳው ሰው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ አጠገቤ ቆሟል።

"እናቴ" አለኝ በሹክሹክታ። "እንቀመጥ ይሆን?"

"ቆሟል እኮ።"

"እስከ መቼ ነው የሚቆም?"

"እኔ እንጃ።"

"ሪሞቱስ?"

"ይዛው ሄዳለች።"

"ይች ሴትዮ! መጀመሪያ ሥጋ አመጣችብን፣ አሁን ደግሞ ይኸው።"

ሳቅ መጣብኝ፤ ከንፈሬን ነክሼ ዋጥሁት። ዓይኔ የወለሉ ንጣፍ ላይ ነው። ንጣፉ ላይ ስንጥቅ አለ፤ እሱን አያለሁ። ብዙ ቆየን መሰለኝ።

ያን ጊዜ ነው የሆነው። ዓይኔን ከስንጥቁ ሳላነሣ፣ በግራና በቀኝ ሁለቱ ቴሌቪዥኖች እንዳሉ አወቅሁ። በግራ በኩል ያለው ትልቅ ነጭ ብርሃን ነው፤ ቅርጽ የለውም። በቀኝ በኩል ግን ቀይ ጃንጥላ አለ። ዙሪያው ያለው የወርቅ ዘርፍ አለ። ከጃንጥላው ኋላ ያለው ጥላ ጥቁር ስለሆነ ጃንጥላው ከጥቁሩ ተለይቶ ቆሟል። ቀና አላልሁም። ሳላየው አየሁት።

ሐኪሙ ዳር ያለው ይህን ነው።

ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። የኔታ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሲቆሙ አንገታቸውን ደፍተው፣ ፊታቸውን ዘወር አድርገው ነው። ከደብሩ ካህናት አንዱ፣ "የኔታ ትሕትናቸው በዛ" ብሎኝ ነበር። እኔም እውነት መስሎኝ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። እሳቸው ግን እያዩ ነው። የተማሪውን እግር፣ የጸናጽሉን ብልጭታ በዓይናቸው ዳር እየለቀሙ ነው። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላወቅሁም። ትሕትና አይደለም ብዬ አዘንሁ፤ መልሼ ደግሞ ይህስ ትሕትና ካልሆነ ምንድን ነው አልሁ። እስካሁንም አለየልኝም።

ሻጯ ተመለሰች።

"ኧረ! ምነው ቆማችሁ?"

"ታቦት አቁመሽ ትሄጃለሽ?" አለ የጠዳው ሰው። "እግሬ ደነዘዘ!"

አፏን በእጇ ያዘች። ቶሎ ብላ ተጫነችው፤ ታቦቱ ሄደ። ሁለታችንም ተቀመጥን።

"ይኼን" አልኋት፤ በቀኝ ያለውን በእጄ አሳየኋት።

"ጥቁሩን? እንዴት መረጡት?"

"አንገቴን ደፍቼ።"

የቀለድሁ መስሏት ሳቀች።

"ለእኔ ያኛውን ስጪኝ" አለ የጠዳው ሰው። "ሥጋው ያማረው በእሱ ነው። ጾም ሲፈታ ይጠቅመኛል።"

ከፍዬ ከወጣሁ በኋላ ከበር ተመለስሁ። ባይሆን መልሳችሁ ትቀበሉኛላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ካርቶኑ ካልተቀደደ አለች። ካርቶኑ ሳይቀደድ እንዴት ይታያል? አልጠየቅኋትም። ልሄድ ስል አሁንም ተመለስሁና ያንኑ የጥምቀት ሥዕል በፍላሽ እንድትገለብጥልኝ ለመንኋት። ገለበጠችልኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

ከሰዓት በኋላ የሱቁ ማኪና አመጣው። ባለሙያው ግድግዳው ላይ ሰቀለው፣ ካርቶኑን ቀዳደደው። ልቤም አብሮ ተቀደደ። አሁን መመለስ የለም። የኔታ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ለፊቱ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ልጄም ፈተናዋን ጨርሳ እየሮጠች ደረሰች።

"አባዬ፣ እንኳን ደስ አለዎ!"

"እንኳን አብሮ ደስ አለን። ይባርካችሁ።"

ፍላሹን ሰካችው። ከበሮው ተሰማ። የኔታ ቀጥ ብለው ፊት ለፊት አዩ። ዓይናቸው ተከፍቷል፤ ፊታቸው ላይ ግን ምንም የለም።

"እንዴት ነው?" አለች ልጄ።

"ሸጋ ነው" አሉ። ቶሎ አሉት። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ጠረጴዛው ዘንበል ብሏል ያሉበት ድምፅ ነው። ልጄ ታያቸዋለች። ታቦቱ ሊወጣ ነው። ምን እንደማደርግ አላሰብሁም፤ አፌ ብቻ ተናገረ።

"የኔታ፣ ታቦት ወጥቷል።"

ተነሡ። አንገታቸውን ደፉ፣ ፊታቸውን ወደ ግራ ዘወር አደረጉ። ቴሌቪዥኑ በቀኝ ትከሻቸው በኩል ቀረ። እንደዚያ ሆነው ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው አንድ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደው ወንበሩን ፈለጉ፣ አዞሩት፣ ፊታቸውን ወደ ግራው ግድግዳ አድርገው ተቀመጡ።

"አባዬ፣ ምነው ዞሩ? ቲቪው እኮ እዚህ ነው።"

"ታቦት ወጥቶ አፍጥጬ ልየው?"

"ታቦቱ አለፈ እኮ። አሁን ፈረሰኞች ናቸው።"

"ይለፍ። ሊመለስ ይችላል።"

ልጄ ወደ እኔ አየች። እኔ የካርቶን ቁራጭ መልቀም ጀመርሁ። የለቀምሁትን መልሼ ጣልሁት፣ እንደገና ለቀምሁት።

"መልሺው እስቲ" አሉ የኔታ። "ታቦቱ የወጣበትን።"

መለሰችው።

"ከቀዩ ጃንጥላ ኋላ ያለው፣ ሦስተኛው... ዘርፉ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ማን ነው የያዘው? ሳይሰፉት ታቦት ያወጣሉ?"

ልጄ ተነሥታ ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄደች። አቁማ አየችው። እኔም አየሁ። ሦስተኛው ጃንጥላ ላይ አንድ ጣት የምታህል ዘርፍ ተገንጥላ በክር ተንጠልጥላለች። ድምፅ የሌላት ነገር ናት፤ በጆሮ አትታወቅም።

"እኔ እኮ አላየኋትም!" አለች ልጄ።

"አንቺ አፍጥጠሽ ነዋ የምታዪው" አሏት።

ካርቶኑን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። እዚያ ቆሜ ተመስገን አልሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጄ ልትሄድ ተነሣች። በር ላይ ሳመችኝ። "እማዬ" አለችኝ፣ "የአባዬ ወንበር እንደዚያው ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቀመጥ። እንደዚያ ከተመቻቸው።" ገብቷት ይሁን ሳይገባት አላውቅም። እኔ አልጠየቅኋትም፤ እሷም እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም። ስለ ወንበር የተናገረችው ያን ብቻ ነው።

ስመለስ የኔታ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ነገርሻት?" አሉኝ።

"አልነገርሁም።"

"ታዲያ ይህን እንዴት መረጥሽው?"

ነገርኋቸው። ሥጋውን፣ ጥምቀቱን፣ ሪሞቱን ይዛ መሄዷን፣ የጠዳውን ሰው እግር ነገርኋቸው። ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ጠረጉ።

"ሰው ትሑት ነዎት ሲለኝ አፍር ነበር" አሉ። "ምን ብዬ ልመልስ? እያየሁ ነው አይባል።"

"ምን ምን ይታይዎታል?"

ይህን ጥያቄ በሁለት ዓመት ውስጥ ጠይቄያቸው አላውቅም።

"በቀኝ በኩል ያለው ይሻለኛል። የሰው ልብስ ይታየኛል፣ አካሄዱ ይታየኛል። ተማሪዎቹን በእግራቸው ለይቻቸዋለሁ።"

"እኔስ?"

"አንቺማ ከኋላዬ ነሽ። የማውቀው ድምፅሽን ነው።"

በማግስቱ ሃያ አንድ ነበር፣ የእመቤታችን ዕለት። ማለዳ ያጠብሁትን ነጠላ ለበስሁ። የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ቀድመው ከአጥሩ ወጡ፤ እንደ ልማዴ ከኋላቸው ልሆን ቆምሁ። ሰው ቢያየኝ ምን ይል ይሆን አልሁ። ልክ ይሁን ስሕተት አላወቅሁም። ሁለት ሦስት እርምጃ ሮጥ ብዬ በቀኛቸው ሆንሁና አብሬያቸው ሄድሁ። ጥቂት እንደሄድን ፊታቸውን ወደ ግራ፣ ወደ ድንጋዩ አጥር ዘወር አደረጉ። ነጠላዬን አስተካከልሁ።